ሽፋኑ ደሴ፣ ሆዱ ወረባቦ

ታናሽ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና የዓለምን ጉደኛ ቤተ መጻሕፍት ታሳየኛለች። አንዱ በግመል ጀርባ በረሃ ለበረሃ ይዞራል አሉ። አንዱ ዋሻ ውስጥ ነው፣ አንዱ ደግሞ ጀልባ ላይ ተጭኖ ከመንደር መንደር ይሄዳል። «አጃኢብ አይደለም እማዬ?» ትለኛለች። አጃኢብስ ነው፣ እኔ ምን አልኩ። ግን አንድ ነገር ሳልላት አላለፍኩም፤ የግመሉም የጀልባውም መጽሐፍ ቢያንስ ሽፋኑና ሆዱ አንድ ላይ ነው። የእኛ ቤት መጽሐፍ ሽፋኑ ደሴ ተቀምጦ ሆዱ ወረባቦ ነበር። ሐይቅም ነበር፣ ኮምቦልቻም ነበር። የምቀልድባት መስሏት ሳቀች። እንግዲያ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚ አልኳት። የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው፤ እንዳታለቅስብኝ ብዬ ያስቀረሁትን ጨምሬ።

የአባቴ አያት ከየመን ባሕር ተሻግረው፣ በአሰብ በኩል ጨርቅ እየነገዱ ደሴ የደረሱ ሰው ናቸው። ጨርቁ ተሽጦ አለቀ፤ አብረው ያመጧቸው መጻሕፍት ግን ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፉ አባቴ እጅ ገቡ። የሸሪዓ አለ፣ የሰዋስው አለ፣ የመድኃኒት አለ፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ ደረሶች፣ የሸኽ ቤት ተማሪዎች፣ በእጃቸው የገለበጡትም አለ። መንዙማም ነበረ፤ ፊደሉ ዓረብኛ፣ ቃሉ ግን ጥርት ያለ የወሎ አማርኛ። ቤታችን ሆጤ ነው፤ መደርደሪያው እዚያ። የጨርቅ ሱቃችን ደግሞ ሰኞ ገበያ፤ ማዋሱ እዚያ።

አባቴ ሙሉ መጽሐፍ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ንፉግ ሆኖ አይደለም። መጽሐፍን ጠቅልሎ ለአንድ ሰው መስጠት ሌላውን ማስራብ ነው ይል ነበር። ስለዚህ መጽሐፎቹ ሁሉ ስፌታቸው የተፈታ ነው። ጥቂት ጥቂት ቅጠል አብሮ ታጥፎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ያ አንድ እጥፍ ኩራስ ይባላል። የቆዳው ሽፋን እንደ ኮሮጆ ኩራሶቹን ይዞ መደርደሪያው ላይ ይቆማል። አንዱ ሰው የመጀመሪያውን ኩራስ ወስዶ ያነባል ወይም ይገለብጣል፣ ሌላው ቀጣዩን፣ ሌላው ከዚያ ያለውን። አንዱ መጽሐፍ በአንድ ሰሞን የቢስቲማ ሸኽም፣ የሐይቅ ገበሬም፣ የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊም እጅ ላይ ይገኛል። ገበያ ሲወጡ የጨረሱትን መልሰው ቀጣዩን ይወስዳሉ። ያውም እንዲሁ አይደለም፤ አባቴ «እህ፣ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያነበበውን በአፉ ካልነገረው ቀጣዩን አይሰጠውም። ሻሽ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁለት ገበሬና አንድ ባለ ሱቅ ስለ ውርስ ሕግ ሲከራከሩ ሰምቶ፣ ሻሹን ረስቶ ይሄዳል።

መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ማን ምን እንደያዘ የሚያውቀው እሱና ያዡ ናቸው። «አማና ነው» ይላል፣ በቃ። አማና አደራ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከአደራም ይጠብቃል። ሰው አማና እንደያዘ ከሞተ ልጆቹ ይጠየቁበታል። የአማናው ባለቤት ከሞተ ደግሞ ያዡ ሳይውል ሳያድር ወደ ሟች ቤት ይዞ ይሄዳል፤ የሟች ንብረት አንገቱ ላይ እንዲያድርበት የሚሻ የለም። ይህን ልማድ ልብ በሉልኝ፤ ጉዳችንን ያመጣው እሱ ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ቀይ ሽብር። ወረቀት የያዘ ሰውና ቦምብ የያዘ ሰው እኩል የሆኑበት ጊዜ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጃገረድ ነበርኩ፤ አፌ የማያርፍ፣ እናቴ «አንቺን ያገባ ጆሮውን ይድፈን» የምትለኝ። እናቴ ራሷ ግን ቁጥብ ሰው ናት። ወሎ ውስጥ ሰው ለሽንኩርት ዋጋም ወላሂ ይላል፤ እሷ ምላ አታውቅም። የአላህ ስም ለቀልድ አይነሳም ትላለች።

የኮምቦልቻው ልብስ ሰፊ ታሞ ተኛ። ኩራሱን ጨርሶ ቀጣዩን ይፈልጋል፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መምጣት ግን አልቻለም። እናቴ ቀኑ ክፉ ነው፣ ይቆየው ብላ አባቴን ለመነችው። አባቴ፣ ሰው ታሞ ተኝቶ ኪታብ ሲለምን ቀኑ ክፉ ነው ይባላል ወይ ብሎ፣ ኩራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገና አውቶቡስ ተሳፈረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ወታደሮች ተሳፋሪውን አውርደው ሲፈትሹ ከብብቱ የዓረብ ጽሕፈት አወጡ። ለነሱ ያኔ የዓረብ ጽሕፈት ማለት ገንጣይ ማለት ነው። እዚያው አስቀሩት። ወሬውን ያመጣልን የአውቶቡሱ ረዳት ነው፤ በራችን ላይ ቆሞ ተናግሮ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሮጠ።

በማግስቱ አሰሳ መጣብን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይጮሃል፣ አብዮት ጠባቂዎቹ ፍራሽ ይገለብጣሉ። ካድሬው ግን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። እኔ የፈራሁት የሚጮኸውን ሳይሆን እሱን ነው። መደርደሪያውን ሲያይ ፊቱ በራ። አንዱን ሽፋን አነሳና ገለጠው፤ ባዶ። ሌላውን ገለጠ፤ እሱም ባዶ። ከሦስተኛው አንዲት ኩራስ ጠብ አለች። እየገለጠ እየጣለ ወለሉ ሁሉ የቆዳ ሽፋን ሆነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እናቴ ዞረ።

«ሽፋኑ ይኸው። ሆዱስ የት ሄደ?» አላት።

እውነቱን ብትነግረው ምን ልትል ነው? በየገጠሩ በሰው እጅ ነው ትበለው? እሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ወረቀት የሚበትን ድርጅት አለው፣ ገጠር ድረስ የዘረጋው፣ ነው የሚሉት። አንዲት ኩራስ የተገኘበት ሰው ሁሉ የድርጅቱ አባል ሆኖ ከአባቴ ጎን ይቆማል፤ አባቴም በዚያችው ማስረጃ ያልቅለታል። እናቴ አይጥ በልቶት ይሆናል አለችው። ካድሬው «ሽፋኑን ትቶ?» አለ።

እኔ ደግሞ የማላስረዳው የለ፤ የወደቀችውን ኩራስ ሳይ መንዙማ ናት። ይኼኮ አማርኛ ነው ብዬ አነበብኩለት፤ ዝናብ የሚለምን ዱዓ ነበር። ካድሬው እኔንና ወረቀቱን እያፈራረቀ አየ። አማርኛ የራሱ ፊደል እያለው በባዕድ ፊደል የሚጻፈው ለምስጢር ካልሆነ ለምን ይሆናል አለ፣ ያው በዚያ በለሆሳስ ድምፁ። እናቴ ክንዴን ይዛ ቆነጠጠችኝ፤ ቦታውን ዛሬም ማሳየት እችላለሁ። ያቺን ኩራስ ይዘው ወጡ። ባዶ ሽፋኖቹን ተዉልን። እናቴ እያንዳንዱን ከወለል አንስታ በሻሿ ጠርጋ ቦታው መለሰችው።

አባቴን ወደ ደሴ አምጥተው አሰሩት። ስንቅ ማድረስ ይፈቀዳል፤ ማየት አይፈቀድም። ጠዋት ጠዋት እኔና እናቴ ሳህን በጨርቅ ቋጥረን እስር ቤቱ በር ላይ እንሰለፋለን፤ ከሰዓት የተበላበት ሳህን ይመለስልናል። አባቴ በሕይወት መኖሩን የምናውቅበት አንድ ነገር ነበረን። የመጨረሻዋን ጉርሻ በልቶ አያውቅም፤ ለበረካ ብሎ ሳህኑ ጥግ ላይ ይተዋታል። የብዙ ሰው ልማድ ነው፣ እሱ ግን ጥጉን እንኳ አይለውጥም። ቤት ሳለ እናቴ በዚህ ትነጫነጭበት ነበር። አሁን ቋጠሮውን ስትፈታ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ጥግ ነው። ጉርሻዋ ካለች «አልሐምዱሊላህ፣ አለ» ትላለች። ከዚያ ራሷ ትበላታለች። አንድ ቀን እንኳ ቅመሺ ብላኝ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ጠባቂው ሳህናችንን ሳይፈታው መለሰልን። ተዛውሯል አለ። ወዴት ብንለው ጀርባውን ሰጠን። በዚያ ዘመን ተዛውሯል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደሴ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። እናቴ አመነች አይባል፣ አላመነች አይባል። ሳህኑን እንደተቋጠረ ይዛ ቤት ገባችና መደርደሪያው ላይ ከሽፋኖቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ልፈታው ስል እጄን መታችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ እኛ ቤት የት ይሆን እያልን ስንጨነቅ ወሬው ሰኞ ገበያን ዞሮ፣ ሐይቅን አልፎ፣ ቢስቲማ ደርሷል፤ የጨርቅ ነጋዴው ተገደለ። ሰው ለለቅሶ መምጣት ጀመረ። ለቅሶውም የዚያ ጊዜ ለቅሶ ነው፤ ጩኸት የለ፣ ድንኳን የለ። ገብቶ ይቀመጣል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ይወጣል። ቀበሌው ይህን ሲሰማ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃ አስይዞ በራችን ላይ በርጩማ ሰጥቶ አስቀመጠው። ካድሬው ብልህ ሰው ነው። ሆዱ ወደ ሽፋኑ የሚመለስበትን ቀን ይጠብቃል።

የመጀመሪያዋ ከወረባቦ የመጣች ሴት ነበረች። ባሏ ከአባቴ ኩራስ የሚዋስ ሰው ነው። ሕፃኗን በአንቀልባ እንዳዘለች ገብታ እናቴን አቀፈቻት። እናቴ ልጁን ልታወርድላት እጇን ወደ ጀርባዋ ስትሰድ ክው አለች። በልጁ ሆድና በእናትየው ጀርባ መካከል ጠፍጣፋ ነገር አለ። ሴትየዋ በጆሮዋ፣ የሟች አማና ነው፣ ባሌ እንዳታድሪበት ብሎኝ ነው አለቻት። ጠባቂው ከበርጩማው ሆኖ ያያል። እናቴ የተፈታውን አንቀልባ መልሳ ጥብቅ አድርጋ አሰረችባትና፣ ልጁ ብርድ ይመታዋል፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዷል፣ ቶሎ ሂጂ ብላ እየገፋች አስወጣቻት። ቀጥሎ አንድ ገበሬ የማሽላ ቅርጫት ተሸክሞ ገባ። ከማሽላው ሥር ምን እንዳለ እናቴ አልጠየቀችውም። ለልጆችህ መልሰህ ውሰደው፣ እኛ ማሽላ ሞልቶናል አለችው። ቤት ውስጥ አንድ ቁና አልነበረንም።

ያኔ ገባኝ። ገጠሩ ሁሉ ለአባቴ ነፍስ አዝኖ፣ አባቴን ሊያስገድል እየመጣ ነበር። ምናልባት ገና ካልሞተ። ምናልባት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ማንንም አላወጣም ብሎ ከጸና። እናቴ ጓዳ ጠርታ፣ ሮጠሽ ሂጂና መንገድ ላይ ያገኘሽውን መልሺ አለችኝ።

በሐይቅ መውጫ በኩል ሮጥኩ። የማውቀውን ፊት ሁሉ እያስቆምኩ በር ላይ ጠመንጃ አለ፣ ተመለሱ እላለሁ። የሚመለስ ተመለሰ። አንድ ሽማግሌ ግን በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ተቆጡኝ፤ ጠመንጃ ፈርቶ አማና በላ የሚባል ሽማግሌ በየት አገር አይተሻል አሉኝ። እግራቸው ሥር ወድቄ፣ እያለቀስኩ፣ አባቴን ይገድሉብኛል ብዬ ነው የመለስኳቸው። እሳቸውም ግራ ገባቸው። የሞተን ሰው እንዴት ይገድሉታል ልጄ አሉኝ።

ቤት ስመለስ የቢስቲማው ሸኽ ሌላ መንገድ ይዘው መጥተው ኖሮ ቤታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከአባቴ ተዋሾች ሁሉ ትልቁ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ኩራስ ይዘው የሚቀመጡት ለደረሶቻቸው እንዲነበብ ነው። ጥምጥማቸው ከወትሮው ወፍሯል፤ ሳያቸው ምን እንደጠመጠሙበት አወቅሁ። ከጎናቸው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፋችን ላይ እግሩን አጣምሮ የተቀመጠው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ካድሬው። ሸኹ ለቀስተኛ መስሏቸው «አላህ ያጽናህ ልጄ» ብለውታል መሰለኝ፤ እሱም አሜን ብሏል።

እናቴ መሃል ቤት ቆማ ዓይኗን ታፈጥባቸዋለች። አያዩ ነገር። እኔ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ሸኹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ እኔ ዛሬ ነገ የምባል ሽማግሌ ነኝ። የሟች አማና አንገቴ ላይ ይዤ መሄድ አልችልም» አሉና እጃቸው ወደ ጥምጥማቸው ሄደ። የጨርቁን ጫፍ ያዙ። አንድ ዙር ተፈታ።

ካድሬው አንገቱን ቀና አደረገ።

«የምን ሟች?» አለች እናቴ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «እኔ ቤት ሟች የለም አባቴ።»

የሸኹ እጅ ቆመ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። ሸኹ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ሲናገሩ ቁጣም ልመናም ነበረበት፤ ሐዘን እንደሚያናግር አውቃለሁ፣ አሉ፣ እኔ ግን የምጠየቅበት ነገር ነውና በጥርጣሬ አልመለስም።

«ባልሽ አለ ወይስ የለም?»

እናቴ ወደ መደርደሪያው አየች። ሳህኑ እንደተቋጠረ ተቀምጧል። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ በዚያች ቅጽበት እኔ ራሴ አባቴ እንደሞተ አመንኩ። ፊቷ ላይ አየሁት።

«ወላሂ፣ አለ» አለች።

ምላ የማታውቅ ሴት። ከአፏ ሲወጣ ሰማሁት። ካድሬው ተነሳ። ማን ነገረሽ አላት ቀስ ብሎ። ከውስጥ ወሬ የሚያቀብላት ሰው አለ ብሎ ነው፤ አዲስ ወጥመድ። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ። ተዛውሯል ብላችሁኛል። የተዛወረ ሰው ይለቀስለታል? ሞቷል ካልከኝ አሁኑኑ በሰው ፊት በለው፣ ኢዳዬን ልቀመጥ።»

ኢዳ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምትቀመጠው የሐዘን ወራት ነው። ካድሬው ይህን ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ሞቷል ግን ማለት አልቻለም፤ ገደልነው ማለት ነውና። በገዛ ቃላቸው ያዘችው።

ሸኹ የማን ድምፅ ከጎናቸው እንደነበረ አሁን ገባቸው። የተፈታውን ዙር ሳይጣደፉ መልሰው ጠመጠሙ፣ አጥብቀው። እንግዲያ ባለቤቱ ካለ ራሱ ይቀበለኛል ብለው ከዘራቸውን ፈለጉ። ካድሬው ምኑን ነው የሚቀበልዎት አላቸው። ሸኹ «ሰላምታዬን፣ ልጄ» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ሰላምታም ይዘው መጥተዋል። እየዳሰሱ በጠመንጃው አጠገብ አልፈው ወጡ። እኔ ከሆጤ ዳገት እስኪሰወሩ ጥምጥማቸውን በዓይኔ ተከተልኩ።

እናቴ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረች። ለቅሶ የለም፣ አፉ በሉኝ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱልኝ አለች። ሰው አንድ በአንድ ተነሳ። ወሬውም በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ኩራሱን ያዙ፣ ባለቤቱ አለ። አንድ ሰው አልተያዘም። ካድሬው ሌላ ጊዜም መጣ፣ ፈተሸ፣ ሽፋኖቹን ገለበጠ፤ ሆዱን ሳያገኝ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። የሱ መዛወር የእውነት መዛወር ነው።

ዋጋው ግን እናቴ ላይ ወደቀ። ባልዋ አለ ያለች ሴት እንዴት ሐዘን ትቀመጣለች? ኩል ተኳለች። አበባ ያለበት ቀሚስ ለበሰች። ሱቁን ከፍታ ጨርቅ እየለካች ከገበያተኛ ጋር ሳቀች። የሰኞ ገበያ ሴቶች ምን እንዳሏት አልጽፈውም፤ ያሉትን ብጽፍ ዛሬም እጣላለሁ። እኔም ብሶኝ አንድ ቀን ጮኽኩባት፤ ራስሽ ታምኚዋለሽ ወይ አልኳት። «ወላሂ ብያለሁ» አለች፣ መቀሷን ሳታቆም። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሆድ ይፍጀው አለ ያገሬ ሰው፤ የሷን ሆድ ፈጀው።

ከወረባቦ ገበያ የሚወጣ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆም ይልና ባለቤቱ መጣ ወይ ይላል። አልመጣም ትላለች። እንግዲያ ይቆየው ይላል። ደግሞ ጉዱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አልተዘጋም። ባለቤት የለ፣ መደርደሪያ የለ፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ኩራስ ይለዋወጡ ነበር፤ ቢስቲማ ያለው ለሐይቁ፣ የሐይቁ ለኮምቦልቻው። ሲለዋወጡም «እህ፣ ምን ይላል?» ይባባላሉ አሉ። ያዡ ሲሞት ልጁ ይረከባል። የቢስቲማው ሸኽ ሲሞቱ ጥምጥማቸው ከነሆዱ ለልጃቸው ደረሰ።

በዚያ በድርቁ ዓመት እኔ አግብቼ ኮምቦልቻ እኖር ነበር። እርዳታ ከሚጠብቀው ሰልፍ ውስጥ ያቺን የወረባቦ ሴት አየኋት። አጥንቷ ቀርቷል። ያላትን ሁሉ ሸጣ፣ በእግሯ ነው የወረደችው። ጀርባዋ ላይ አንቀልባ ታስሯል፤ ልጅ ግን የለበትም። ኩራሱ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹስ አላልኳትም። አቀፍኳት። እሷ ቀድማ ባለቤቱ መጣ ወይ አለችኝ። አልመጣም አልኳት። ይቆየው ብላ ማሰሪያውን አጠበቀች። እቤት ወስጄ ያበላኋት ቀን ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋሁ።

ደርግ ሊወድቅ ባለበት ሰሞን ወታደሩ ደሴን ለቆ ሲወጣ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። ከኮምቦልቻ ሮጬ ሐረጎን ወጣሁ። እናቴ ያንኑ ሳህን ትኩስ ምግብ አድርጋበት ቋጥራ በሩ ላይ ቆማለች። እስረኞች ይወጣሉ፣ ሰው ይጮሃል፣ ይተቃቀፋል። እሷ እያንዳንዱን ፊት ታያለች። የመጨረሻው ሲወጣ ወደ ውስጥ ገባች። ከለካይ የለም። ክፍል ለክፍል ስትዞር ተከተልኳት፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ስም ሁሉ አስነበበችኝ፤ የአባቴ የለበትም። ስንወጣ በሩ ላይ ጠያቂ ያጣ አንድ ልጅ እግር እስረኛ ቆሞ ነበር። ሳህኑን ፈታ ሰጠችው።

ከዚያ ቤት አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ ሰኞ ገበያ። የወረባቦ ሰው ፈልጋ አገኘች፣ ጎልማሳ ገበሬ።

«አማናውን አምጡ በላቸው» አለችው።

ሰውዬው የያዘውን አስቀመጠ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። የአባቴ መርዶ ይኼ ነው። ሌላ መርዶ ነጋሪ አልመጣልንም።

በሰልፍ መጡ። ማንም አልደበቀም፣ ኩራሱን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚገባው። የወረባቦዋ ሴት አንቀልባዋን ፈታች። የሸኹ ልጅ የአባቱን ጥምጥም እናቴ ፊት ተቀምጦ ዙር በዙር ፈታው፤ ኩራሱ በላብ ቢጫ ሆኗል፣ ቅጠሉ ግን አልጎደለም። እናቴ ሁሉንም በሁለት እጇ እየተቀበለች ለእኔ ታቀብላለች፣ እኔ ሽፋኑን እየፈለግኩ እከታለሁ። ያ ኬላ ላይ የተያዘው ኩራስና ካድሬው የወሰዳት የዝናብ ዱዓ ብቻ አልተመለሱም። ቦታቸው ዛሬም ክፍት ነው።

በማግስቱ እናቴ አሥር ሚስኪን አስጠርታ ምግብ ሠርታ አበላች። ሰው ሁሉ የአባቴ ሰደቃ መሰለው፤ አላህ ይቀበልሽ ይሏታል፣ ራሷን ትነቀንቃለች። በልተው መርቀው ከወጡ በኋላ ለአባባ ደግ አደረግሽ አልኳት።

«የሱ ነገ ነው። የዛሬው የኔ ነው፤ ወላሂ ብዬ አልነበር?» አለችኝ። የሐሰት መሐላ የማለ ሰው ካሳው አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ መሐላዋ ሐሰት አልነበረም።

ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ከሚስኪኖቹ አንዱ ለበረካ ብሎ ጥግ ላይ አንድ ጉርሻ ትቷል። አየቻት። ሳህኑን ታቅፋ እዚያው ቁጭ አለችና ያን ሁሉ ዓመት ያላለቀሰችውን ለቅሶ ጮኻ አለቀሰች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ፤ ዝም በይ ያላት ግን አልነበረም።